የባይኖኩላሩ ክዳን የት ገባ?

ባይኖኩላር የሚገዛ ሰው ስለ መስታወቱ ጥራት፣ ምን ያህል አቅርቦ እንደሚያሳይና ስለ ዋጋው ይጠይቃል። ስለ ክዳኑ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ክዳን ከካርቶኑ ጋር እንደመጣ ትርፍ ዕቃ ይቆጠራል። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ሶፋ ሥር ይገባል፣ በሁለተኛው ወር ሌላው መኪና ውስጥ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መነጽሩ ዕድሜውን ሙሉ ዓይኑን ገልጦ ይኖራል።

እኛ ቤት ግን ነገሩ ቀላል አልሆነም። ባይኖኩላሩን የሚይዙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የ72 ዓመት እናቴና የ8 ዓመት ልጄ። እናቴ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ዓለም እንደ አዲስ ተከፍቶላታል። ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ በጎረቤት ግቢ ካለው ዝግባ ላይ የሚያርፈውን ወፍ ሁሉ ታያለች። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «እቴቴ፣ ዛሬ ምን መጣ?» ትላታለች፤ ሁለቱ ተራ በተራ እየተቀባበሉ እስኪመሽ ያያሉ። ከዚያ በፊት አብረው የሚያደርጉት ነገር ቢኖር ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ ብቻ ነበር።

አንድ ሰሞን እናቴ ባይኖኩላሩን አስቀመጠችው። ልጄ ስትጠይቃት «ደከመኝ» ትላለች። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ካለች በኋላ ማታ ቡና ላይ ቀስ ብላ «ዓይኔ ተመልሶ ሊጋረድብኝ ነው መሰለኝ፤ በመነጽሩ ሳይ ጉም ይመስለኛል» አለችኝ። ልቤ ድንግጥ አለ። መነጽሩን አንስቼ መብራት ሥር ሳገላብጠው ግን ጉሙ ያለው በእሷ ዓይን ላይ እንዳልሆነ አየሁ። የፊተኛው መስታወት በቀጫጭን ጭረት ተሸፍኗል። ከክዳኖቹ አንዱ ከጠፋ ቆይቷል። አቧራ ሲያርፍበት ደግሞ እናቴ ንብረት አክባሪ ናትና በነጠላዋ ጫፍ በደንብ አድርጋ ስትወለውለው ከርማለች።

በዚህ አጋጣሚ፣ በቤታችሁ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመነጽር ሲያዩ ብዥ አለብኝ ካሉ፣ በባዶ ዓይናቸው አንድ የታወቀ ነገር እንዲያዩ አድርጉ፤ ለምሳሌ የጎረቤት ቆርቆሮ ጠርዝ ወይም የመንገድ ማዶ ጽሑፍ። በባዶ ዓይንም ብዥ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ እይታ እንደገና የሚደበዝዝበት ሁኔታ አለ፤ ሕክምናውም አስቸጋሪ አይደለም። በባዶ ዓይን ጥርት ብሎ በመነጽሩ ብቻ ብዥ ካለ ግን ጥፋቱ ከመስታወቱ ሊሆን ይችላል።

መስታወት እንዴት በነጠላ ይጫራል የሚል ይኖራል። የሚጭረው ነጠላው አይደለም፤ በነጠላውና በመስታወቱ መካከል ያለው አቧራ ነው። በአቧራ ውስጥ ከአሸዋ የመጣ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ፤ እሱ ደግሞ ከተራ መስታወት ይጠነክራል። በዚያ ላይ የባይኖኩላር መስታወት ነጸብራቅን የሚቀንስ በጣም ስስ ሽፋን የተቀባ ነው። ብርሃን ላይ ስትይዙት አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ የሚመስለው እሱ ነው። ደረቅ አቧራውን በጨርቅ ስናሽ ያንን ሽፋን በብርጭቆ ወረቀት እንደመሞረድ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው አቧራው ከመጀመሪያው እንዳያርፍበት ማድረግ ነው። ካረፈበትም መጀመሪያ በንፋስ ማራገፍ ይገባል። ለዚህ ለሕፃን አፍንጫ ማጽጃ የሚሸጠው የጎማ ኳስ፣ አዲስና ደረቅ ከሆነ፣ ጥሩ አድርጎ ይነፋል። ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ በትንፋሽ እርጥብ አድርጎ የዓይን መነጽር በሚሸጥበት ቤት በሚገኘው ስስ ጨርቅ ቀስ ብሎ መጥረግ ነው። የተጫረ መስታወት ግን በምንም አይመለስም። እኛም ሌላ ባይኖኩላር እስክንገዛ ድረስ ጥቂት ወራት ማጠራቀም ነበረብን። አዲሱን ስንገዛ ክዳኑን እኔ ራሴ ልመርጥ ቆረጥኩ።

አብሮት የመጣው ተራው የፕላስቲክ ክዳን ነው፤ ተገፍቶ የሚገባ፣ ተስቦ የሚወጣ። በደንብ ከጠበቀ አቧራ አያስገባም። ችግሩ ለእናቴ ጠበቀ። የእጇ መገጣጠሚያ ስለሚያማት በጥፍሯ ፈልቅቃ ማውጣት አልሆነላትም፤ ወፉም እሷን አይጠብቅም። ላላ ያለ ሌላ ስናገኝ ደግሞ ለእሷ ተመቸ፣ ለልጄ ግን መጫወቻ ሆነ። ያልታሰረ ክዳን ሕፃን ባለበት ቤት ዕድሜው አጭር ነው። በተለይ ትንሽ ልጅ ካላችሁ በዓይን በኩል ያሉት ትንንሾቹ ክዳኖች ወለል ላይ እንዳይወድቁ ተጠንቀቁ፤ አፉ ውስጥ ከቶ ሊያንቀው ይችላል።

ኮሎራዶ የሚኖረው ወንድሜ ጉዳዩን ሲሰማ «ይሄማ የአዳኞች ችግር ነው፣ መላ አላቸው» አለኝ። በእሱ አካባቢ አደን የተለመደ ስለሆነ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር የሚሸጡ ክዳኖች በየዓይነቱ ሱቅ ሞልተዋል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ማነጣጠሪያ መነጽርና ባይኖኩላር ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ቱቦ ናቸው፣ ፊት ትልቅ መስታወት፣ በዓይን በኩል ትንሽ መስታወት። ወንድሜ ሁለት ዓይነት ላከ። አንዱ በማጠፊያ የሚከፈት ነው፤ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት በሞላ ተፈናጥሮ ይከፈታል። ሌላው ሁለት የጎማ ክዳኖች በአንድ ላስቲክ የተያያዙበት ነው፤ ላስቲኩን አንዴ ሲስቡት ሁለቱም ይወልቃሉ።

ሁለቱም ለአዳኝ የተሠሩ ናቸው፤ ለአዳኝ አንድ ሰከንድ ትልቅ ነገር ነውና። ለእኛ ግን አልሆኑም። ተፈናጣሪው ሲከፈት «ቀጭ» ይላል፤ በረንዳ ላይ ወፉ ይሄዳል። ከፈት ብሎ የሚቆመው ክዳን ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ይያዛል፤ በሁለተኛው ወር የአንደኛው ማጠፊያ ተሰበረ። እንዲያም ሆኖ ጣቷ ለሚያማት እናቴ አከፋፈቱ ተመችቷት ነበር፤ አውራ ጣት ጫን ማድረግ ብቻ ነው። በእጅ የማይዙት፣ በቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ቴሌስኮፕ ያላቸው ሰዎች ቢኖሩ ለእነሱ ይህንን እመርጥላቸው ነበር። ላስቲኩ ደግሞ ለረጅሙ የማነጣጠሪያ ቱቦ ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ ባጭሩ ባይኖኩላር ላይ ረገበ። አንድ ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ግልጽ ፕላስቲክ ሆኖ ሳይከፍቱት በእሱ ውስጥ የሚያዩበት። ይህንን ባትገዙት ይሻላል። ጥሩ መስታወት ገዝቶ በፕላስቲክ ውስጥ ማየት ምን ይባላል? ፕላስቲኩ ራሱ ሲጫር ደግሞ ያው ወደ ጉሙ መመለስ ነው።

ወንድሜ የላካቸው ሌሎች ክዳኖች ደግሞ ጭራሽ ሳይገቡ ቀሩ፤ ይህ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልናገረው። በባይኖኩላር ላይ 8 በ42 ወይም 10 በ50 የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ ነው። ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ወንድሜን ያስተናገደው ሻጭ «42 ከሆነ የ42 ክዳን ነው» ብሎ ሸጠለት። ክዳን ግን የሚገባው በመስታወቱ ላይ አይደለም፤ በቱቦው ውጫዊ ጠርዝ ላይ ነው። ቱቦው ደግሞ ብረትና ጎማ ተጨምሮበት ከመስታወቱ ይሰፋል፤ ምን ያህል እንደሚሰፋ ከአንዱ ሥሪት ወደ ሌላው ይለያያል። ለጠመንጃ ማነጣጠሪያም ሕጉ ይኸው ነው።

መለኪያ መሣሪያ ከሌላችሁ የስፌት ክር ይበቃል። ክሩን በቱቦው ጫፍ ዙሪያ አንድ ጊዜ አጠማዝዙ፣ የተገናኘበትን ምልክት አድርጉ፣ ዘርግታችሁ በልጆች ማስመሪያ ለኩ፣ በ3.14 አካፍሉ። የእኛ 16.3 ሴንቲ ሜትር መጣ፤ ሲካፈል ወደ 52 ሚሊ ሜትር ነው። 42 የተጻፈበት መነጽር 52 ክዳን ፈለገ ማለት ነው። ልጄ ይህን ስሌት በደብተሯ ጽፋ ለሒሳብ መምህሯ አሳይታለች። በዓይን በኩል ያለውን ለብቻው ለኩት፤ ከፊተኛው ጋር አንድ አይደለም።

አራተኛው ሙከራችን የሠመረው ነው። የፊቱ ክዳን ለስላሳ ጎማ ሆኖ በቱቦው ላይ የሚጠለቅ ቀለበት አለው፤ ክዳኑ ከቀለበቱ ጋር በአጭር ምላስ ተያይዟል። ስትከፍቱት አይወድቅም፣ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ጫፉ ላይ ለጣት መያዣ የሚሆን ጆሮ አለው፤ እናቴ ያንን ይዛ ትስበዋለች። እንዲህ ዓይነቱን ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ተንጠልጥሎ ሳለ ነፋስ ሲያወዛውዘው መስታወቱን እንዳይጋርድ። ሁለተኛ፣ ቀለበቱ ላልቶ ከነክዳኑ እንዳይወልቅ። የእኛ ትንሽ ላላ ሲል በቱቦው ዙሪያ አንድ ዙር የጨርቅ ፕላስተር ጠቀለልንበት፣ ጸጥ አለ።

የመታሰር ጥቅሙ የገባን ደብረ ሊባኖስ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ገዳሙን ከተሳለምን በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ሆነን ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ስናይ ዋልን። ሳር እየነጩ፣ ልጆቻቸውን በጀርባ አዝለው በገደሉ ጠርዝ ይሄዳሉ፤ ጥንብ አንሳው ደግሞ ከእኛ በታች ይንሳፈፋል። ከበላይ ሆኖ የአሞራ ጀርባ ማየት እንዴት ደስ ይላል! እዚያ ነፋሱ ኃይለኛ ነው። አጠገባችን የነበሩ አንድ አባት ካሜራቸውን ሊያነሱ ክዳኑን በከንፈራቸው ይዘው ልጃቸውን ሲጠሩ ክዳኑ ቁልቁል ሄደ። ያን ገደል ያየ የት እንደገባ ያውቃል። እሳቸውም ሳቁ፣ እኛም ሳቅን፤ እናቴ ግን የእኛን ክዳን ምላስ ጎተት አድርጋ ስትፈትሽ አይቻታለሁ።

በዓይን በኩል ያለው ክዳን ሌላ ጠባይ አለው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ጉድጓዶች በአንድ ድልድይ የተያያዙ ናቸው፤ በማንገቻው ክር ውስጥ ስለሚገባ አይጠፋም። መነጽሩ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ወደ ላይ የሚያየው ይህ በኩል ስለሆነ ዝናቡም፣ አቧራውም፣ ልጆች የሚበሉት የዳቦ ፍርፋሪም የሚወርደው እዚህ ላይ ነው። ስትመርጡ ድልድዩ ተጣጣፊ መሆኑን እዩ። የልጅ ዓይኖች ከአዋቂ ይልቅ ይቀራረባሉ፤ ልጄ አጥፋ ያጠበበችውን መነጽር እናቴ ስትቀበል ታሰፋዋለች። ድልድዩ ድርቅ ያለ ከሆነ በአንዷ ልክ ይገጥምና በሌላዋ ልክ እምቢ ይላል። እናቴ የንባብ መነጽር እንጂ የርቀት መነጽር አታደርግም፤ የዓይን መነጽር ሳያወልቁ በባይኖኩላር የሚያዩ ግን ዙሪያውን ያለውን ጎማ ስለሚያጥፉት ክዳኑ ታጥፎም ሳይታጠፍም መግጠሙን ይሞክሩ። ማንገቻውን ደግሞ ትንሽ ልጅ አንገት ላይ አድርጋችሁ በመኪና እንዳትሄዱ።

ጥቁር ክዳን ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲወድቅ አይታይም። ልጄ በውጭ በኩል በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረገችበት፤ መስታወቱን ሳይነካ ቀድሞ ወልቆ፣ በደንብ ደርቆ ከተመለሰ ጉዳት የለውም።

ክረምት ሲገባ ክዳን ጠላት ሊሆን ይችላል። በዝናብ የረጠበ መነጽር ላይ ክዳን ገጥሞ፣ ቦርሳው ውስጥ ከቶ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ሻጋታ እንደመዝራት ነው። ሻጋታ መስታወት ላይም ይበቅላል፤ እንደ ሸረሪት ድር ተሰራጭቶ ውስጥ ከገባ በቤት አይጸዳም። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍታችሁ ጥላ ሥር አንድ ሌሊት ይድረቅ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፣ ቦርሳው ውስጥ ክተቷት፤ ልጆች ግን እንዳያገኟትና እንዳይቀምሷት። የባሌን የሳኔቲን ብርድ ያያችሁ ደግሞ ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ መነጽሩን ከነክዳኑ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ትንሽ አቆዩት። ወዲያው ከከፈታችሁት እንደ ሻይ ብርጭቆ ላብ ይለብሳል።

እስካሁን ያወራሁት መስታወቱን ስለማዳን ነው። በእኛ ቤት «ሲቀመጥ ይከደን» የሚለው ደንብ የወጣው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ፀሐይ።

ልጅ ባይኖኩላር ሲያነሳ የሚያየው የሚያበራውን ነው። ጨረቃን አይቶ ከተደነቀ ቀጥሎ ፀሐይን ማየት ይፈልጋል። በደማቅ ብርሃን የዓይናችን ብሌን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። 42 ሚሊ ሜትር የሆነ መስታወት የሚሰበስበው ብርሃን ከዚህ ወደ 200 እጥፍ ነው። ሁሉም ወደ ዓይን ባይገባም የሚገባው የዓይንን የውስጥ ግድግዳ ለማቃጠል ይበቃል። ይበልጥ የሚያስፈራው ደግሞ ሬቲና የሚባለው ያ የውስጥ ግድግዳ የሕመም ስሜት የሌለው መሆኑ ነው። እጁን ምጣድ ላይ ያደረገ ልጅ ወዲያው ይስባል፤ ዓይኑ ውስጡ የተቃጠለ ልጅ ግን አያለቅስም፣ አይነግራችሁም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ መሀል ላይ ጥቁር ነገር ሲጋረድበት ነው፤ ላይመለስም ይችላል።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና የታየችበትን ቀን ታስታውሳላችሁ። የዚያን ቀን ሕዝቡ የግርዶሽ መነጽር ፍለጋ ላይ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ከሰሜን አፍሪካ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አድርጎ ወደ ሶማሊያ የሚሻገር ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ፤ እኛ አገር በከፊል ይታያል። በዚያን ቀን ልጆች ባይኖኩላሩን ማስታወሳቸው አይቀርም። የወረቀቱን የግርዶሽ መነጽር ዓይን ላይ አድርጎ በባይኖኩላር ፀሐይን ማየት አይቻልም። ብርሃኑ በመስታወቱ ተሰብስቦ ስለሚመጣ መነጽሩን ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል። ማጣሪያ የሚደረገው በፊተኛው መስታወት ላይ ነው፤ ያውም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ብቻ። ይህ ማጣሪያ ከሌላችሁ የዚያን ቀን ክዳኑ ይገጠም፣ ባይኖኩላሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ።

ለልጄ ደንቡን የነገርኳት በአጭሩ ነው፤ ባይኖኩላር የሚከፈተው አዋቂ አጠገብሽ ሲኖር፣ ፀሐይም ከኋላሽ ስትሆን ነው። እናቴ ደግሞ የራሷን ጨመረችበት፤ ተራ ስትቀይሪ መጀመሪያ ትከድኛለሽ፣ ከዚያ ታቀብያለሽ። ልጆች ሲቀባበሉ መነጽሩ በየት በኩል እንደሚዞር አይታወቅምና አያት ያወጣችው ደንብ ከእኔ ይሻላል።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ባይኖኩላር ራሱን ሊልክላችሁ ካሰበ፣ ሳይልክ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ። ክዳን ብቻ ከሆነ ትንሽ ፕላስቲክ ነው፤ የክሩን ልኬት በሚሊ ሜትር ጽፋችሁ ላኩለት። እዚሁ ከገዛችሁ ሱቁ ውስጥ ክዳኑን ገጥማችሁ መነጽሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ዘቅዝቁና ሁለት ሦስቴ ነቅንቁት፤ ከወደቀ ላላ። ካልወደቀ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ስጡና በአንድ እጃቸው ይክፈቱት። ፒያሳ አንድ ሱቅ ይህን ስናደርግ ሻጩ ትዕግሥቱ አልቆ «እማማ፣ ስንቱን ሊሞክሩ ነው?» ቢላት፣ እናቴ ሦስተኛውን እየዘቀዘቀች «እስኪገጥም ነዋ፣ ልጄ» አለችው።